በረኪና የገባበት ውሃ

ሶላ ቆዳዋን ስትቧጭር የራሷን ሳይሆን የጠላቷን ገላ የያዘች ትመስል ነበር። ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። የክንዷ መታጠፊያና የጉልበቷ ኋላ ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ደምና ቢጫ ፈሳሽ ያዣል። እናቷ ሎቪሳ እጆቿን በካልሲ ብታስርባት ካልሲውን በጥርሷ ቀደደችው፤ ቀጥላም ክንዷን ነከሰችው።

«ያዣት እንጂ! ሥጋዋን ቦጭቃ ልትጨርሰው ነው!» ሲል ጮኸ የሎቪሳ ወንድም ግሪሙር፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ። ልጅቷ ደንግጣ ለአፍታ ማከኳን ተወች። እሱ ይህን እንደ መድኃኒት ቆጠረው።

ሎቪሳ ወንድሟ ቤት የገባችው፣ ካናዳ ውስጥ ያለው የዊኒፔግ ሐይቅ ላይ የረጋው በረዶ ባሏ በመኪና ሲያቋርጠው ተደርምሶ ከዋጠው ወዲህ ነው። ግሪሙር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሚያበላቸውም እሱ ነው። ስለዚህ ሲጮኽ ዝም ትላለች።

በነጋታው ሦስቱም ክሊኒክ ሄዱ። የተቀበላቸው ነርስ ሬናንቴ ይባላል፤ ወላጆቹ ከማኒላ መጥተው ዊኒፔግ ከተማ የወለዱት፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው። የሶላን ክንድ እንደ እንቁላል በመዳፉ ይዞ ትክ ብሎ አየው።

«መቼ ጀመራት?»

«ስድስት ወር ሳይሞላት። ያኔ ጉንጯ ላይ ነበር።»

«ከቤተሰብ አስም ያለበት ሰው አለ?»

«ይሄ ወንድሜ። ሣሩ ሲያብብማ እንደ ፈረስ ነው የሚያስነጥሰው።»

«ሽፍታው ያለበት ቦታ፣ ማሳከኩ፣ ቤተሰቡ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚናገረው። ችፌ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ቁስሉ አመርቅዟል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእርስዎም ጥፋት አይደለም።»

ይህችን የመጨረሻ ቃል ሎቪሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቃት ኖራለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

ሬናንቴ የልጅቷን የሱፍ ሹራብ ከአንገቷ ገለጥ አደረገ። ሱፉ ባረፈበት ሁሉ ቆዳዋ ቀልቷል። «ሱፍ ገላዋን መንካት የለበትም። ከውስጥ ጥጥ ትልበስ።»

ግሪሙር ጠረጴዛውን ሲመታው ላዩ ላይ የነበረው ሚዛን ወድቆ ተሰበረ። «ይሄን የሠራችው እናቴ ናት! ባለፈው መጸው ነው የቀበርኳት! አያቶቻችን ከአይስላንድ ከመጡ ጀምሮ፣ እዚህ በረዶ ላይ ሱፍ በገላችን ለብሰን ነው ያደግነው!»

«ማደግዎንማ አያለሁ፤ በሩን ሞልተውታል» አለ ሬናንቴ፣ ዓይኑን ከልጅቷ ክንድ ሳያነሳ።

ሎቪሳ ሳታስበው ሳቀች። ቤት ሲመለሱ ስለዚያች ሳቅ ከግሪሙር አንድ ጥፊ ቀመሰች።

የክሊኒኩ ሴት ሐኪም በዚያው ቀን የሚዋጥ መድኃኒትና ሁለት ቅባቶች አዝዛ ነበር፤ አንዱ ለቀላው ቦታ፣ ሌላው ወፍራሙ ከታጠበች በኋላ ለመላ ገላዋ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጥቂት በረኪና በተለካበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ትዘፈዘፍ ስትል ለሎቪሳ ለብቻዋ ነገረቻት። ግሪሙር የመጀመሪያውን ቅባት «ቆዳ ያሳሳል» ሲሉ ሰምቶ በመስኮት ወረወረው። ሎቪሳ በባዶ እጇ በረዶውን ቆፍራ አወጣችው። ስለ በረኪናው ግን ለወንድሟ ትንፍሽ አላለችም።

ሬናንቴ ከክሊኒኩ ለክትትል ተልኮ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ግሪሙር ሐይቅ ላይ ሳለ ቤታቸው ይመጣ ጀመር። በረኪናውን ለክቶ ያሳያታል፤ ቅባቱን እንዴት እንደምትቀባ ያያል። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቆይባት ጊዜ ግን በየሳምንቱ ረዘመች። ሁለቱም ምክንያቱን አይጠያየቁም።

«ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች» አለችው አንድ ቀን።

«እርስዎስ?»

ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ማን እንደነበር ትዝ አላላትም። «እኔ ነቅቼ ስትተኛ አያታለሁ» አለችው።

በሦስተኛው ማክሰኞ ሐይቁ ላይ የበረዶ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ግሪሙር መረቡን ሳያወጣ ቀትር ላይ ተመለሰ። በሩን ሲከፍት የበረኪና ሽታ ተቀበለው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሶላ ገንዳው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሎቪሳ አጠገቧ ናት፤ ሬናንቴ የበረኪናውን ጠርሙስ ወደ መደርደሪያው እየመለሰ ነው። በረኪናው ልጅቷ ሳትገባ ተለክቶ በብዙ ውሃ ተበጥብጧል። ግሪሙር ያየው ግን ጠርሙሱንና ልጅቷን ብቻ ነው።

«ልጃችንን እንደ ሽንት ቤት በበረኪና!»

የሬናንቴን አንገት ይዞ ከገንዳው ጠርዝ ጋር አላተመው። አፍንጫው ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። እግሩን ጎትቶ ኮሪደሩ ላይ ጣለውና ጎኑን በቦት ጫማው ረገጠው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። ሎቪሳ ጀርባው ላይ ተንጠልጥላ እጁን እስኪደማ ብትቧጥጠው አልተሰማውም።

ሬናንቴ ደም እየተፋ ጮኸ፦ «ሎቪሳ፣ እኔን ተይኝ! ልጅቷ ብቻዋን ውሃ ውስጥ ናት!»

ሮጠች። ሶላ ደንግጣ ለመነሣት ስትሞክር ተንሸራታ፣ ፊቷ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ሎቪሳ በአንድ እጇ መንጭቃ አወጣቻት። ልጅቷ ውሃ አስመለሰች፣ አለቀሰች። ሎቪሳ በፎጣ ጠቅልላ አቀፈቻት፤ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የዓሣ መምቻ ዱላ አንሥታም በወንድሟ ትከሻ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ቀጭ አለ። ተንበረከከ።

«ና ወዲህ!» የደማ ቡጢውን ጎትታ ገንዳው ውስጥ ነከረችው። «አቃጠለህ? ንገረኝ፣ አቃጠለህ?»

ግሪሙር እጁን ውሃው ውስጥ አየው። «ትንሽ ይቆጠቁጣል» አለ።

«ልጄን ሊገድላት የነበረው ውሃው አይደለም። አንተ ነህ።»

የዚያኑ ዕለት ልጇንና የቆሰለውን ሬናንቴን ይዛ ላትመለስ ወጣች። ግሪሙር በደኅናው እጁ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋላት። «የኔን ውሰጂ። የሱ መኪና ማሞቂያ አይረባም።» ተቀበለችው፤ አላመሰገነችውም። ክሊኒኩ ለፖሊስ አመለከተ፤ ግሪሙርም ሳይከራከር ጥፋቱን አመነ።

ከወር በኋላ ሎቪሳ ሶላን ይዛ ክሊኒክ ስትሄድ ሌላ ነርስ ተቀበለቻት። የልጅቷ ክንድ ድርቅ ያለ ነው፤ ቁስል ግን የለበትም። ሬናንቴ መዝገቧን ለሌላ ሰው ማስረከቡን ነርሷ ለሎቪሳ ነገረቻት። መፍራቱ ነው፣ ማን ይፈርድበታል ብላ ልትወጣ ስትል፣ ደጁ ላይ አፍንጫው የጎበጠ ሰው በረዶ ይጠርጋል።

«መዝገቧን ለሌላ ሰው ሰጠኸው አሉኝ። ፈራኸን?»

«ወንድምሽን? አዎ፣ በጣም።» አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «መዝገቡን ያስረከብኩት ግን እሱ እኔን ከመደብደቡ በፊት ባለው ዓርብ ነበር። ያን ማክሰኞ የመጣሁት ልሰናበት ነው።»

«ለምን?»

«የታካሚዬን እናት ራት መጋበዝ አይፈቀድልኝም፣ ሎቪሳ።»

ሶላ የእናቷን እጅ እየጎተተች ብርዱን አማረረች። ሎቪሳ አፍንጫውን ደግማ አየችው፤ ፊቱ ላይ ለዘላለም የሚቀር ጉብታ ነው። እጇን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

«ያምሃል?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ» አለችው፣ ጣቷን ሳታነሳ፣ «ስንት ሰዓት ነው የምትወስደን?»