ከጣሪያው የወረዱት ሰው

አቶ ክፍሎም አሜሪካ፣ ሶዶ በሚባል የመጋዘኖች ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ መጋዘን ጎን ፓርክ ባደረጉት መኖሪያ መኪናቸው፣ በሞተር ሆማቸው ሥር ሞተው ተገኙ። መሰላሉ ከአጠገባቸው ተደግፎ ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ የሳተላይት ኢንተርኔታቸው ዲሽ አለ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ዲሽ ሲጠግኑ ወድቀዋል ብለው ጉዳዩን ሊዘጉት ነበር። መርማሪ መክሊት ግን መሰላሉን ወጥታ የጣሪያውን ጠርዝ ለረጅም ጊዜ አየች። ስትወርድ ማንም እንዳይነካው አዘዘች።

አቶ ክፍሎም የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ። ሥራቸው ለሆስፒታሎች በቪዲዮ ማስተርጎም ነው። ዲሹን ካስገጠሙ ወዲህ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ሞንታና ተራሮች እየነዱ፣ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሁሉ ቆመው ይሠሩ ነበር። ፌደራል ዌይ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ርግኣት ቤት ግቡ ብላ ስትጨቀጭቃቸው፣ «ቤት አለኝ፤ ጎማ ስላለው ነው ያልታየሽ» ይሏታል።

በሞቱበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለችሎት በቪዲዮ ሊመሰክሩ ተቀጥረው ነበር። ከመጋዘኑ የወጣ የተቃጠለ ዘይት ወደ ወንዙ ሲደፋ በመስኮታቸው አይተዋል። የመጋዘኑ ባለቤት ጌዴዎን ከዚያ እንዲነሡ ደጋግሞ ቢጠይቃቸውም እሺ አላሉም።

መክሊት ሦስት ሰዎች አነጋገረች። ርግኣት በዚያ ሰዓት ፌደራል ዌይ አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ ነበረች። ጌዴዎን በዘይቱ ጉዳይ ተከሶ ችሎት ቀርቦ ነበር። የጌዴዎን የጭነት መኪና ሾፌር ቴዲ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ዕቃ ሲያራግፍ እንደዋለ ተናገረ።

«ጋሽ ክፍሎም ጠዋት ኮል አድርገውልኝ ነበር» አለ። «ኢንተርኔቱ ከነጋ ጠፍቷል፤ ሶ ጣሪያው ላይ ልወጣ ነው አሉኝ።»

መክሊት የሟቹን ስልክ አስከፍታ ዲሹን የሚቆጣጠረውን አፕ መረመረች። በማግስቱ ሦስቱንም ሞተር ሆሙ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ክፍሎም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያስተረጉሙ ነበር» አለች። «ስለዚህ ኢንተርኔቱ ከጠዋት አልጠፋም። የጠፋው ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው። ዲሹ ሰማዩ ሲከለልበት ይመዘግባል፤ በዚያች ደቂቃ የሰሜኑ ወገን ባንድ ጊዜ ተሸፈነ፤ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ደግሞ ተገለጠ። ዛፍ መጥቶ አይሄድም። የመጣው ከሞተር ሆሙ የሚረዝም መኪና ነው።»

«እኔ ችሎት ነበርኩ» አለ ጌዴዎን።

«ዳኛዋ አይተውዎታል። ጋሽ ክፍሎም ዲሹን ወደ ገላጣው ሊያዞሩ ወጡ። አሁን ጠርዙን እዩት። አቧራው ላይ የሁለት እጅ ምልክት አለ፤ ጣቶቹ ወደ ጣሪያው መሐል ያመለክታሉ። ተንጠልጥለው ነበር ማለት ነው። መሰላል አንድ እርምጃ ላይ ቆሞለት በእጁ የሚንጠለጠል ሰው የለም። መሰላሉን ሰው አንሥቶት ነበር፤ ከወደቁ በኋላ መልሶ አቆመው።»

ወደ ቴዲ ዞረች።

«ካፒቶል ሂል ሄጄ ጠየቅሁ። ዕቃህን ስምንት ሰዓት ላይ ጨርሰሃል። ዘይቱን የምትጭነውም አንተ ነህ። የኢንተርኔቱን ነገር የዋሸኸው፣ ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር እንዲባልና መኪናህን ማንም እንዳያስብ ነው።»



«መሰላሉን ያነሣሁት የምስክርነቱ ሰዓት እስኪያልፍ ጣሪያው ላይ እንዲቆዩ ብዬ ነው» አለ ቴዲ። «ዘይቱን ድፋ ያለኝ ጌዴዎን ነው፤ የምታሰረው ግን እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። አባባ፣ ትንሽ ይቀመጡ ብዬ ለመንኳቸው። አንተ ልታስቀምጠኝ ነው? አሉኝ። በስልክም ቢሆን፣ በእግሬም ሄጄ ቢሆን እመሰክራለሁ ብለው ቁልቁል ተንጠለጠሉ። እጃቸው አልቻለም።»

ርግኣት ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ጌዴዎን ግን ምስክር ከሌለ ክስም እንደሌለ ለመክሊት ነግሮ ሄደ።

ተሳስቷል። በሳምንቱ ቴዲ በካቴና ታስሮ ችሎት ቀረበ፤ ዘይቱን ማን እንዳስደፋው፣ በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገረ። ርግኣት ፊት ለፊት ተቀምጣ ዓይኗን ከጌዴዎን ላይ አልነቀለችም። እሱ በጠበቃው በኩል ወደ ኋላ ፈቀቅ እንድትልለት አስጠየቃት።

ርግኣት ተነሥታ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠጋችና ተቀመጠች።