ሁለተኛው ድምፅ

«እሑድ የሁለታችንም ስብከት እንዳለቀ እንጀምራለን፤ እናንተ ቀድማችሁ እንዳትገቡ» አለች ቀጮ፣ በትምህርት ቤቱ ቧንቧ አፏን እየተጉመጠመጠች።

«ሩጫ ነው እንዴ?» አለች ሚጢጢ።

«አቦ አትቀልጂ! ከተነቃብን እማዬ ቁም ስቅሌን ነው የምታሳየኝ።»

ሚጢጢ ሳቀች። ቀጮ የአክስቷ ልጅ ናት። ጸሎት ቤታቸው በመጋቢው ጉዳይ ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ሁለቱ ልጆች የሚገናኙት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ግማሹ ሕዝብ መጋቢውን ተከትሎ ወጣ። ወጣ ይባል እንጂ የትም አልራቀም፤ ከአጥሩ ጀርባ የነበረውን የእንጨት ሥራ ቤት ተከራይቶ ገባ። የሚጢጢ እናት ቀረች፣ ታናሽ እህቷ፣ የቀጮ እናት፣ ወጣች። አሁን እህትማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ አንዷ ስልኳን ማየት ትጀምራለች፣ ሌላዋ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

ድሮ ግን አብረው የሚዘምሩት አንድ መዝሙር ነበር። የሚጢጢ እናት መጀመሪያውን ድምፅ ትይዛለች፣ አክስቷ ከሥር ሁለተኛውን። ያን መዝሙር ሲዘምሩ ተጣልቶ የመጣ ባልና ሚስት እንኳ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይወጣ ነበር። ከክፍፍሉ በኋላ ሁለቱም ወገን መዝሙሩን አልተወውም፤ ሁለቱም ጋ ግን ግማሹ ጎድሏል።

የልጆቹ ሐሳብ ቀላል ነበር። ቀጮ በዚያኛው አዳራሽ ኪቦርድ ትጫወታለች። ሚጢጢ በዚህኛው ሚክሰሩ ላይ ትቀመጣለች፤ የድምፅ ባለሙያው ከወጡት ጋር ስለወጣ ሥራው የእሷ ሆኗል። ሁለቱም በየፊናቸው እናቶቻቸውን «ያ መዝሙር ናፈቀኝ» ብለው ለእሑድ ፕሮግራም አስገቡት። በሁለቱም ቅጥር የውጭ ድምፅ ማጉያ አለ። ሁለቱ ድምፆች አጥሩ ላይ ሲገናኙ ሁሉም ይሰማል፤ ከዚያ ማን ይጨክናል?

እሑድ በሁለቱም በኩል ስብከቱ አለቀ። የሚጢጢ እናት ማይኩን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጀመረች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የቀጮ ኪቦርድ ተሰማ። ያው መዝሙር!

ግን ምን ዓይነት ድምፅ ነው? አንዱ ሌላውን የሚቧጭር፣ ጥርስ የሚያፋጭ። ሚጢጢ ወዲያው ገባት። እናቷ ያለ እህቷ ከፍታው ሲያቅታት መዝሙሩ እዚህ ከፍታው ከድሮው ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ እዚያ ደግሞ እንደ ድሮው ነው። አንድ ቀን እንኳን በስልክ አብረው ቢሞክሩት ኖሮ! ሁለቱም መዝሙሩን ያውቁታል፣ ማን ይሞክራል?

«እያሾፉብን ነው!» አሉ ከፊት የተቀመጡ አንዲት አዛውንት።

«መዝሙራችንን እንኳ አይተዉልንም?» አለ ሌላው።

ሚጢጢ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ከፍታውን ዝቅ አድርጊው» ብላ ለቀጮ ጻፈች። ሁለት እጇ ኪቦርድ ላይ ያለ ሰው በምኑ ያነብበዋል? የመዘምራኑ መሪ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ጨምሪው እንጂ፣ ምን ያፈዝሻል?»

«ጋሼ፣ እነሱ እኮ...»

«ጨምሪ አልኩሽ!»

ጨመረች። እነሱም ጨመሩ። ማጉያው አፏጨ፣ አንድ ሕፃን ጆሮውን ይዞ አለቀሰ። ሁሉም በእሷ ሐሳብ የመጣ ነው፤ የምትመልስበት መንገድ ግን አልታያትም።

በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ የአክስቷ ድምፅ ጎልቶ ወጣ። ሁለተኛው ድምፅ፣ ያው ድሮ የምታውቀው። እናቷም ሰማችው። ማይኩ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ ወረደ።

«እማዬ፣ በቃ፣ በቃ» አለች ሚጢጢ በልቧ።

እናቷ ቀና አለች። በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ ልጇን ፈለገቻት። ከዚያ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች፤ ጨምሪልኝ።

ሚጢጢ ጣቱን አየችው። እጇን ዘረጋችና የውጭውን ማጉያ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው።

«ምን ነካሽ አንቺ? ተነሺ ከዚያ!» አለ መሪው፤ ወንበሩን ከሥሯ ሊስበው ምንም አልቀረው።

ተነሳች። ወደ ቦታዋ አልሄደችም፤ በጎን በር ወጥታ አጥሩ ሥር ቆመች። ከማዶ ጭብጨባው ደመቀ፤ ዝም ያሰኟቸው መስሏቸው ነው። የአክስቷ ድምፅ ብቻ አልተለወጠም፤ ከላይ የሚይዝለት መጀመሪያው ድምፅ ሳይኖር እንኳ ከሥር ይሄዳል።

ሚጢጢ በሰው ፊት ዘምራ አታውቅም። ጆሮዋን የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ አስጠግታ የእነሱን ከፍታ ፈለገች። አክስቷ እንደማትሰማት ታውቃለች። አዝማቹ ሲመጣ ግን ማንንም አልጠበቀችም፤ የእናቷን ቦታ፣ መጀመሪያውን ድምፅ፣ ይዛ ገባች።