ለግራ እጅ የተሠራ ሴንጢ

ሊዲያ ዘአማኑኤልን ከመውደዷ በፊት የወደደችው ሴንጢውን ነው። ይህን ራሷም አትክድም።

ውድ ሴንጢ የሚሰበስቡና የሚቀያየሩ ሰዎች ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ አላቸው። ከውጭ የመጣ፣ ታጣፊ፣ ብረቱ የማይዝግ፣ እጀታው እንደ ጌጥ የተሠራ ሴንጢ ፎቶ እየለጠፉ ይፎካከራሉ። ሊዲያ የገባችው ለፉክክር አልነበረም። አቃቂ በሰቃ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ቀበቶና ቦርሳ ትሠራለች። ሥራዋን የወደደላት አንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ሲሰናበታት ከኪሱ አውጥቶ የሰጣት ሴንጢ ነበር። ዋጋው ከስፌት ማሽኗ እንደሚበልጥ የሰማችው በኋላ ነው።

ምን ያደርጋል ታዲያ፣ እሷ ግራኝ ናት። ሴንጢው ደግሞ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። በግራ የያዘው ሰው ለማጠፍ ሲፈልግ ጣቱን ስለቱ መንገድ ላይ ማስገባት አለበት። በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ቆረጣት።

ፎቶውን ለጠፈችና «ለግራኝ የሚሆን ያለው ሰው ካለ እቀይራለሁ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ መልስ መጣ።

«እኔ ጋ አለ። አጎቴ ከጀርመን ሲልክልኝ ተሳስቶ የግራኝ ገዛ። ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። ዘአማኑኤል እባላለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባለች ጭማቂ ቤት ተገናኙ። ዘአማኑኤል ከደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ወጣት። ሊዲያ ሴንጢውን ተቀብላ በአንድ እጇ ከፈተችው፣ አጠፈችው፣ እንደገና ከፈተችው። ከቦርሳዋ ቁራጭ ቆዳ አውጥታ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ገመድ አንድም ቦታ ሳይዛነፍ ቆርጣ አወጣች። ልጁ ጭማቂውን መጠጣት ተወ።

«ምን ታያለህ?»

«እጅሽን። እንደዚህ የሚሠራ እጅ አይቼ አላውቅም።»

«ግራ ስለሆነ ነው የገረመህ።»

«ግራ መሆኑንማ ረስቼዋለሁ።»

ሴት ልጅ ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ስለ መልኳ ብዙ ትሰማለች። ስለዚያ እጇ ግን ሊዲያ የሰማችው በሙሉ ቁጣ ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለች መምህሯ በማስመሪያ መትቷታል፤ አክስቷ በነጠላ ጠፍራ አስራባታለች። አሁን አንድ የማታውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ያንኑ እጅ በፍቅር አየው። እዚያው ነው ያለቀላት።

የግሩፑ ሕግ አጭር ነው። የተቀያየረ ሰው ሰባት ቀን ይሞክራል። ከሁለቱ አንዱ «አልተስማማኝም» ካለ ሌላው ምክንያት ሳይጠይቅ ይመልሳል። ዘአማኑኤል በሰባተኛው ቀን ደወለ።

«አልተስማማኝም መሰለኝ።»

«መሰለኝ ብሎ ነገር የለም። አልተስማማህም ወይስ ተስማምቶሃል?»

«ለመወሰን ላይሽ ይገባል። ሰባት ቀን ይጨመርልኝ።»

ተጨመረለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷም «እጀታው ትንሽ ከበደኝ» ብላ ዋሸች። እንዲህ እያሉ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙከራውን አራዘሙ። ሁለት ሴንጢ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስለ ሴንጢ አንድም ነገር ሳያወሩ ይመሽባቸዋል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ አውራ ጣቷን ይዞ ጠባሳውን በጣቱ ሲዳስሰው አስተናጋጇ ሂሳብ ልትጠይቅ መጥታ ሳትጠይቅ ተመለሰች።

ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት የወሰነው የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት ነው። ወይዘሮ መሰለች ባላቸው ምድር ባቡር የሠሩ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ጎረቤት የሚፈራቸው ሴት ናቸው። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘአማኑኤል እየተሽኮረመመ «እማዬ ፊት ብቻ በቀኝሽ ብዪ፣ እሺ?» አላት።

ሊዲያ አልከፋትም፤ ወዳዋለችና። ማታ ማታ ለብቻዋ በቀኝ እጇ ሽሮ እየበላች ተለማመደች። እንጀራው ይቀደዳል፣ ወጡ ልብሷ ላይ ይፈሳል፣ ትስቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

በዕለቱ ሁሉም ነገር አማረላት። አክስቶቹና ጎረቤቶቹ በተሰበሰቡበት፣ ዘአማኑኤል ከጎኗ ትከሻው ትከሻዋን እየነካ፣ በቀኟ በላች። ወይዘሮ መሰለች ሲያዩዋት ቆዩና ዶሮውን ከነእንቁላሉ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት።

«እንዴት ያለሽ ጨዋ ነሽ» አሏት።

ይህን ቃል ባይናገሩ ኖሮ ምናልባት ጠንቅቃ ታስብ ነበር። ደስታው ግን ራሷ ላይ ወጣ። ለእኚህ ሴት ከሁሉ የሚበልጠውን ጉርሻ ልትሰጣቸው ፈለገች። ሥጋውን መረጠች፣ አሳምራ ጠቀለለች።

«እትዬ መሰለች፣ ከእኔም አንድ ይጉረሱልኝ።»

እጇ አፋቸው ጋ ከደረሰ በኋላ ነው የትኛው እጅ እንደሆነ ያወቀችው።

ወይዘሮ መሰለች አፋቸውን ገጠሙ። ጉርሻውን አዩት፤ እጁን አዩት፤ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አዞሩ።

«መታጠቢያውን አላሳያችኋትም እንዴ?»

ጉርሻው በአየር ላይ ቀረ። ወጡ በእጅ አንጓዋ ላይ መውረድ ጀመረ። ዘአማኑኤል ከአንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። አንገቱን ጎንበስ አድርጎ አፉን ቢከፍት፣ «ይኼማ የእኔ ነው» ብሎ ቢጎርሰው፣ ሰው ይስቅና ይረሳ ነበር። ሊዲያ ወደ እሱ ዞራ ጠበቀችው። እሱም አያት፤ ከዚያ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ ይቅር በያት» አለ እየሳቀ። «እጇ ቆዳ እንጂ ሰው አልለመደም።»

አክስቶቹ ፈነዱ። አንዷ እንባዋን እየጠረገች «ወይ ዘአማኑኤል» አለች። ሊዲያ ጉርሻውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። አላመጠችው፣ አላመጠችው፤ አልዋጥ አላት። ቤት እስክትደርስ አላለቀሰችም።

በአምስተኛው ቀን ዘአማኑኤል ሥራ ቦታዋ መጣ። ማሽኑን አቁማ ብድግ አለች፤ ደስ ስላላት አፈረች። በሩን መለስ አድርጎ ገባ፤ ጥሩ ወሬ የያዘ ሰው ፊት ነበረው።

«እማዬን ለመንኳት» አላት። «እስከ መስቀል ጊዜ ሰጥታናለች።»

«ለምን የሚሆን ጊዜ?»

«ቀኝሽን እንድታስለምጂ። አስቤበታለሁ ደግሞ።» ከኪሱ የጣሊያኑን ሴንጢ አወጣ። «የእኔን መልሺልኝና በዚህ ሥሪ። በግራ ከያዝሽው ይቆርጥሻል፤ በግድሽ ትለምጃለሽ። በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሰው ነው የምትሆኚው።»

ይህን ሁሉ የሚለው በለሰለሰ ድምፅ፣ ፀጉሯን ከግንባሯ እየመለሰ ነው። ይበልጥ የከፋውም ይህ ልስላሴው ነበር።

«የግራኙ እኮ ተስማምቶኛል» አለችው።

«እኔን ይኼኛው አልተስማማኝም። ሰባት ቀኑ ደግሞ ገና አልሞላም።» ዓይኑ እስኪጠፋ ሳቀ። «ምክንያት አይጠየቅም አይደል?»

አምስት ወር ሙሉ ለመገናኘት ሲሉ ያራዘሙት ሙከራ አሁን በእሱ እጅ መብት ሆኖ መጣባት።

«ስለ ሴንጢው አልጠይቅህም። ያን ዕለት ለምን አልጎረስክልኝም?»

«ያ ሁሉ ሰው እያየ?»

ግራ የተጋባው ከልቡ ነበር። ጥያቄው ራሱ አልገባውም። ሊዲያ የግራኙን ሴንጢ ከጠረጴዛው አነሳች፣ አጠፈችና እጇን ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ኪሱ ከተተው። የጣሊያኑን ቆዳው ላይ አስቀመጠላት።

«በቃ ተስማማን» አለ።

«በየትኛው እጄ ነው የሰጠሁህ?»

እጇን አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«በግራዬ ነው። ማንም ስላላየን ተቀበልከኝ።» የጣሊያኑን ሴንጢ ከቆዳው ላይ ገፋ አደረገችው። «ዘአማኑኤል፣ እወድሃለሁ። እንዲህ ወድጄ አላውቅም። ሰው ፊት የማትቀበለኝን ግን ጓዳ ውስጥ አትቀበለኝ። ሂድልኝ።»

«በአንዲት ጉርሻ?»

«በአንዲት ጉርሻ።»

ቆመ። ከዚያ ወደ በሩ አመራ። ሊዲያ ጠረጴዛውን ይዛ ጠበቀች። እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ገና አልጨከነም ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ቢያያት ትጠራው ነበር። ቀኝ እጇንም ታስለምድ ነበር፤ ሌላም የሚላትን ሁሉ ታደርግ ነበር።

ዘአማኑኤል በሩ ጋ ደርሶ ቆም አለ። ሴንጢው መኖሩን ለማረጋገጥ ኪሱን ዳበሰ፤ አለ። ወጥቶም ወደ ታክሲ ተራው ሄደ።