ስድስት ኩባያ ጉም

ጉም አላቢ ቁጥር ዘጠኝ እንደ ወትሮው «እንደምን አደርሽ፣ ሶሬቲ» አላት። ሶሬቲ የመሣሪያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቁና ቁና ተነፈሰች። ሳነቴ አምባ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ዳገቱም ምሕረት አያውቅም።

ጉም አላቢ ማለት በመረብ ክንፎቹ ከጉም ውሃ የሚያወጣ፣ የሚያስብ ማማ ነው። ከታች ያለችው ከተማ የምትጠጣው እነዚህ ማማዎች ያለቡላትን ነው። በቀን ሁለት መቶ ሊትር ያልሞላ ማማ «ዜሮ» ይጻፍበታል። በተከታታይ ሰባት ዜሮ ያገኘ ይፈርሳል።

ማማዎቹን የሚጠግኑት ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። ሶሬቲ አንጓ ላይ የታሰረው ሚዛን የሚባል አምባር የቀን ሥራዋን ይለካል፤ ከመቶ በታች ሁሉ ዜሮ ነው። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው አንድም ጊዜ ቀን ከፍቶበት አያውቅም መሰለኝ። እሷ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ከአልጋ መነሳት ራሱ አቅቷታል። ስድስት ዜሮ አላት። ዛሬ ሰባተኛው ከተጨመረ ሥራውም ቤቱም ቀረ፤ ከተራራው ያወርዷታል። ሰባት ቀን ሙሉ ሁለት መቶ ሊትር ያልሞላውን ዘጠኝን ካፈረሰች ግን መቶ ይሞላላታል።

«ጀመርሽ?» አሉ በሬዲዮ አለቃዋ ጋሽ ቃሲም። ድምፃቸው ጭንቀት ነበረበት። «እሱን ፍቺና መቶሽን ሙይ፣ ልጄ። እንድትሄጂብኝ አልፈልግም።»

«እሺ ጋሼ።»

የማማውን ሆድ ከፈተች። ከማፍረሷ በፊት መዝገቡን መቅዳት ነበረባት። መዝገቡ ላይ ግን ዜሮ የሚባል ነገር የለም።

«አራት ኩባያ። ግራ ክንፌ ተቀዷል።»

«ሁለት ኩባያ። ነፋሱ ከባድ ነበር። አልወደቅሁም።»

«ዜሮ ነበር መጻፍ የነበረብህ» አለችው።

«ሞክሬ ነበር» አለ ማማው። «ግን ውሃው አለ። ያለውን የለም ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

ሶሬቲ መፍቻውን እንደያዘች አለቀሰች፤ በደንብ አለቀሰች። ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞክራ ነው ከአልጋ የወረደችው። ፊቷን ታጥባለች። ሁለት ማንኪያ ቂንጬ በልታለች። ይህን ሁሉ ምንም ብላው፣ አምባሩ ሳይቀድማት ራሷን «አንቺ የማትረቢ» ብላ ሰድባ ነው ከቤት የወጣችው። ሌላ ሰው እንዲህ ቢላት ኖሮ ታንቀው ነበር።

መፍቻውን አስቀምጣ መርፌና ክር አወጣችና የተቀደደውን ክንፍ መስፋት ጀመረች። ጣቶቿ በብርድ ደነዘዙ። አንድ ክንድ ያህል እንደሰፋች ደከማት፤ በቃኝ ብላ ተቀመጠች፣ ራሷንም አልተቆጣችም። ከቧንቧው የተንጠባጠበውን ስትለካው ስድስት ኩባያ ሆነ።

«ሶሬቲ! ሚዛንሽ ዜሮ ይላል!» አሉ ጋሽ ቃሲም።

«ይዋሻል፣ ጋሼ።»

«ያወርዱሻል እኮ!»

«መጥተው ያውርዱኝ! በገዛ እግሬ አልወርድም። እሱንም አላፈርስም።»

አምባሩን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ በመፍቻው ጫፍ የማማውን ብረት መጫር ጀመረች፤ የምትጽፈውንም ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ሶሬቲ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። ዳገቱን ወጣች። ዘጠኝ፣ ስድስት ኩባያ።»

የዜሮው ደንብ መጀመሪያ የወጣው ለማሽኖች ነበር፤ ሰዎች ለራሳቸው የወሰዱት ኋላ ነው። ማሽኑ አልቀበልም ካለ ቀናት አልፈዋል፤ ሰዎቹ ግን እስከዛሬ ተሸክመውት ነበር።

ጋሽ ቃሲም በሬዲዮው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሶሬቲ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ዛሬ ቢሮ የደረስኩት መንገድ ላይ አራት ጊዜ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴን አሞኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብረቱ ላይ ቦታ ካለ፣ ቃሲም ደርሷል ብለሽ ጻፊልኝ።»