ሥር ያለው መስቀል

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር መገባደጃ፣ ከጊንጪ የተነሣው የተማሪዎች ቁጣ የአምቦን መንገድ ተከትሎ ወደ አዲስ አበባ በሚወርድበት ሰሞን፣ በመናገሻ ተራራ ግርጌ የእህል አጨዳው አልተቋረጠም ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ለማጨድ ጎንበስ ባለ ቁጥር ጆሮውን ወደ አስፋልቱ ይጥላል፤ የከባድ መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥርም ማጭዱን እንደያዘ ቀና ይላል። የገፈርሳ ውኃ እንደ ወትሮው ረግቶ ተኝቷል፤ በዳርቻው ባለው ባሕር ዛፍ መካከል ግን ባለ መለዮ ሰዎች ድንኳን ተክለዋል።

የነገሩ መነሻ አንድ ካርታ ነው። ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ላይ የሚያቅድ ማስተር ፕላን ወጥቷል ተባለ፤ ከገበሬው አብዛኛው ካርታውን በዓይኑ አላየውም፤ ቢሆንም ትናንት መሬቱ የተለካበት ጎረቤቱ ዛሬ በገዛ ማሳው ላይ ለቆመ ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ሲያድር አይቷልና፣ ካርታውን የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም።

በዚያ ዘመን ከአምቦው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቡራዩ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ኤልቃና የሚባል ነቃሽ ይሠራ ነበር። ወላጆቹ ከሆሳዕና አካባቢ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ የወንጌል አማኞች ናቸው፤ እናቱ ተስፋነሽም የልጇን መርፌ ከኃጢአት ቆጥራ በየጸሎቷ ታነሣው ነበር። የጥንት ሰዎች አንገታቸውንና ድዳቸውን በጥላሸት ይነቀሱ ነበር፤ ኤልቃና ግን በኤሌክትሪክ ማሽን ነው የሚሠራው። ታዲያ ማንንም ዝም ብሎ አይወጋም። መጀመሪያ ሰውየውን አስቀምጦ ያስወራዋል፤ ከዚያ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ይሥልለትና «ታጥቦ እስኪለቅ ድረስ ይዘኸው ዙር፤ ሳትሰለቸው ከተመለስህ እንጀምራለን» ብሎ ይሸኘዋል። ለሁሉም የሚላት አንዲት ቃልም ነበረችው፤ «ቆዳው ያንተ፣ መርፌው የእኔ፣ ስዕሉ ግን የሁለታችን ነው።»

ደንበኛው ሁሉ ይህን ወግ ወዶለት ነበር። ከሞቲ በቀር።

ሞቲ ከገፈርሳ በላይ በኩል መሬት ያላቸው የኦቦ ገርባ ልጅ ነው፤ በብሎኬት ማምረቻ ይሠራል፤ ሮዛ የምትባል እጮኛም አለችው። ገብቶ ሳይቀመጥ የግራ ክንዱን ዘረጋ።

«ኦዳ ነው የምፈልገው። እዚህ ጋ፣ እጄን ሳነሣ ሰው ሁሉ እንዲያየው።»

ኦዳ ማለት የኦሮሞ ሽማግሎች ከሥሩ ተቀምጠው ሕግ የሚያወጡበት፣ ዕርቅ የሚያወርዱበት ታላቅ ሾላ ነው። ዛፉ በክልሉ ባንዲራ ላይ ራሱ ተሥሏል፤ ነገር ግን በዚያ ኅዳር በባንዲራ ላይ ያለ ዛፍ ሌላ፣ በጎረምሳ ክንድ ላይ ያለ ዛፍ ሌላ ነበረ።

«ከትከሻህ ዝቅ አድርገን ብንሠራውስ?» አለ ኤልቃና። «እጅጌ ይሸፍነዋል።»

«ለመደበቅማ ከሆነ ምን ያስነቅሰኛል?»

«እሺ፣ ዛሬ በእስክሪብቶ ልሣልልህና ይዘኸው ዙር።»

«ልጅ ነኝ እንዴ በእስክሪብቶ የምትሥልብኝ? ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በል።»

ኤልቃና በእውነት ፈርቶ ነበር፤ ፈሪ መባልን ግን ይበልጥ ፈራ። ስለዚህ ወጉን ትቶ ማሽኑን አነሣ። በዚያ ቀን ግንዱን፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉትን ሁለት ቅርንጫፎችና ከታች የተንሰራፉትን ሥሮች ብቻ አወጣ፤ ቅጠሉን ቁስሉ ሲጠግግ ሊሞሉት ተቀጣጠሩ።

«አትሸፍነው» አለው ሲሸኘው። «ለብ ባለ ውኃ እጠበው፣ ቫዝሊን በስሱ ቀባው፣ አየር ያግኘው። ፋሻ እንዳታስርበት!»

«እሺ፣ እሺ» አለ ሞቲ ከበሩ ወጥቶ።

ሰው ግን ጉደኛ ነው። ለዓለም ሁሉ ሊያሳየው የተነቀሰውን ዛፍ ለአባቱ ማሳየት ፈራ። ከመድኃኒት ቤት ፋሻ ገዛና ክንዱን ጥቅልል አድርጎ አሰረው፤ ኦቦ ገርባ ሲጠይቁትም «ብሎኬት ወድቆብኝ ነው» አላቸው።

በዚያው ሰሞን በመንገዱ ላይ ጥይት ተተኮሰ። የቆሰሉት ወጣቶች ሐኪም ቤት መሄድ ስለፈሩ ቁስላቸውን በየቤታቸው አሰሩ፤ ይህም በታወቀ ጊዜ፣ በገፈርሳ ኬላ የቆሙት ጠባቂዎች መታወቂያ መጠየቁን ትተው እጅጌ ማስጠቅለል ጀመሩ። ፋሻ ያሰረ ሁሉ ከሰልፍ የተመለሰ ነው ተባለ። ሞቲን አንድ ማለዳ ከሚኒባስ አወረዱት፤ ሚኒባሱ ያለ እርሱ ሄደ።

በማግስቱ ኦቦ ገርባ ከነቃሹ በር ላይ ቆሙ። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አከም ጅርታ፣ እንደምን አለህ፣ ልጄ። ልጄን የወጋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ ገርባ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጥስ ይቅርብኝ። ጥይት ነው የመታው ብለው ሌላ ቦታ ሊወስዱት ነው፤ ከዚህ ከወጣ ደግሞ የት ብዬ እፈልገዋለሁ? የመርፌ ቁስል ነው ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል? አንተ ግን ባለሙያው ነህ።»

ኤልቃና ቁስሉ የመርፌ ነው ቢል የምን መርፌ ይሉታል፤ ዛፉን ቢያሳይ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ሞቲም አይድን፣ እርሱም አብሮ ይገባል። ሽማግሌው ይህን ከፊቱ ላይ አነበቡት።

«ምን እንደሣልህበት ሮዛ ነግራኛለች» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልቆጣህም። ብቻ ና።»

ማሽኑን በቦርሳው ይዞ ተከተላቸው።

የተያዙት ሰዎች የታጎሩት በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ከመግቢያው አጠገብ ባለች ክፍል፣ ካሣዬ የሚባል ኢንስፔክተር ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሁለት ባለ መሣሪያዎች ቆመዋል። ኢንስፔክተሩ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር፤ ይህም ኤልቃናን ከጩኸት ይልቅ አስፈራው። ሞቲን አመጡት። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ፋሻው ሲፈታ ክሩ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ቅርፊቱን ይዞት ተነሣ።

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«እውነትም የመርፌ ነው። ምንድን ነው ይሄ?»

«ያላለቀ ሥራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

ከባለ መሣሪያዎቹ አንዱ አንገቱን አስግጎ ክንዱን ያይ ጀመር። ኤልቃናም ቀጥ ያለውን ግንድና ግራ ቀኝ የተዘረጉትን ሁለት ቅርንጫፎች አየ።

«መስቀል» አለ።

«እንግዲያው ጨርሰው።»

«ቁስሉ ገና ነው፤ አሁን መርፌ ከገባበት ያመረቅዛል…»

«እዚሁ፣ እያየሁህ ጨርሰው።»

ማሽኑን ከሶኬቱ ሰካ፤ ጓንቱን አጠለቀ፤ ክንዱን በአልኮል ጠረገው። ሞቲ ጥርሱን ነከሰ። እንግዲህ ኤልቃና ወጉን አንድ ጊዜ ጥሶ ያመጣውን መዘዝ አይቷልና፣ በዚያ ቦታ፣ በእነዚያ ሰዎች ፊት ደግሞ ሊጥሰው አልወደደም።

«ሞቲ» አለው፤ «ልቀጥል?»

ለእያንዳንዷ መስመር ሲከራከር የነበረው ጎረምሳ ዛፉን አየ፤ ቀጥሎም ነቃሹን አየ። በዚህ መርፌ ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያተርፍ ገብቶታል።

«አንተ ታውቃለህ» አለና ጤነኛ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ወዲያ ክንዱ ንቅንቅ አላለም። ኤልቃና ግንዱን ወደ ላይ አስረዘመው፤ ቅርንጫፎቹን አቃና፤ ጫፎቻቸውንም በሐረግ ዘጋቸው። ሞቲ ላብ በላብ ሆነ፤ ደሙ ከቀለሙ ጋር እየተደባለቀ በጥጡ ተጠረገ። መርፌው ከሥሮቹ ዘንድ ሲደርስ የነቃሹ እጅ ቆመ። በጥቁር ቀለም ሞልቶ የመስቀል መቆሚያ ሊያደርጋቸው ይችል ነበር፤ የሚያዋጣውም እርሱ ነበር፤ ነገር ግን ልጁን ባዶ እጁን መስደድ አንጀቱ እንቢ አለው። ሥሮቹን እንዳሉ ተዋቸው።

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ። አሁንም ረጅም ጊዜ ፈጀ።

«መስቀል ነው» አለ ለባለ መሣሪያዎቹ። «ልጁን ለአባቱ ስጡት።»

ኦቦ ገርባ ልጃቸውን ደግፈው ሲወጡ ከመጋዘኑ ግድግዳ ወዲያ የብዙ ሰው ሳል ይሰማ ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን ሳያዞሩ አለፉ፤ ኤልቃናም አላዞረም።

ሞቲ ዳነ፤ ቁስሉ ግን አመርቅዞ ብዙ ጊዜ አሰቃየው። ከዚያም የባሰ መጣ፤ ልጆቻቸው ያልተፈቱላቸው ጎረቤቶች «እሱ ብቻ እንዴት ወጣ?» ማለት ጀመሩ፤ የብሎኬት ሥራ ባልደረቦቹም እርሱ ሲመጣ ወሬ ያቋርጡ ነበር። ሞቲ በጠራራ ፀሐይ ረጅም እጅጌ ለበሰ። ወደ ነቃሹ ቤትም ድርሽ አላለም።

በጥር ወር መጀመሪያ፣ ማስተር ፕላኑ እንዲቀር መወሰኑ በዜና ተነገረ። በኬላው ላይ ግን ጠባቂው አልተነሣም፤ ከመጋዘኑም ሰው አልወጣም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ የሲቪል ልብስ የለበሰ ሰው የኤልቃናን በር ገፋ አድርጎ ገባ።

«አከም ጅርታ?» አለው።

ኢንስፔክተር ካሣዬ ነበር። ኦሮምኛ ሲናገር ኤልቃና ሰምቶት አያውቅም። ሊወስደኝ መጣ ብሎ አሰበና እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ። ሰውየው ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፤ የግራ ክንዱን ዘረጋ።

«የዚያን ልጅ ዓይነት ሥራልኝ። ሥሩ እንዳይቀር።»

ኤልቃና ሄዶ በሩን ዘጋው።

«አያቴ በአርሲ ኦዳ ሥር ተቀምጠው ሰው ያስታርቁ ነበር» አለ ካሣዬ። «ዛፍ የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ… ለምን ለቀቁት?»

«መስቀል ነው ስላልክ። አጠገቤ የቆሙት ሰምተውሃል። ዛፍ ነው ብትል ኖሮ እኔም አላድነውም ነበር።»

«የቀሩትስ?»

ካሣዬ ክንዱን እያየ፣ «የሁሉም ክንድ ላይ ስዕል የለም» አለ።

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኤልቃናን ፍርሃትም ንዴትም ያዘው፤ የትኛው እንደበረታ ለራሱም አልታወቀውም። እምቢ ማለት አይችልም፤ እሺ ማለትም አልወደደም። በመጨረሻ እስክሪብቶ አነሣ። በኢንስፔክተሩ ክንድ ላይ፣ ልክ በሞቲ ቦታ፣ ግንዱን፣ ቅርንጫፎቹንና ሥሮቹን፣ ለሞቲ ሊሞላለት ያልቻለውንም ቅጠል ጭምር አንድ ሳያስቀር ሣለ።

«መርፌውስ?»

«የቤቱ ወግ ነው፣ ጌታዬ። ታጥቦ እስኪለቅ ድረስ ይዘውት ይዙሩ፤ ሳይሰለቹት ከተመለሱ እንጀምራለን።»

«ይህን ይዤ በኬላ ልለፍ?»

«ሞቲም ይዞት ቆሞበታል» አለ ኤልቃና።

ካሣዬ ተነሣ። እጅጌውን እስከ አንጓው አወረደ፤ ቁልፉን ቆለፈ፤ መቆለፉንም በጣቱ ዳብሶ አረጋገጠ። በሩን ከፍቶ ወጣ። ኤልቃና የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና እያለ ብዙ ሳምንት ጠበቀው፤ ኢንስፔክተሩ ግን አልተመለሰም። በውኃ ታጥቦት ይሁን፣ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሮ፣ ወይም አንድ ሰው እጅጌውን አስጠቅልሎት፣ የሚያውቅ የለም።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ካርታው መቼ እንደወጣና መቼ እንደቀረ ጽፈዋል፤ የሞቱትንም እያንዳንዱ ወገን በየፊናው ቆጥሯል። ስለዚያ መጋዘን ሳል ግን የጻፈ የለም። ሞቲ ኋላ ሮዛን አገባ፤ አባቱንም ቀበረ፤ ከቀብሩ መልስ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። ያየው ሁሉ «መልካም መስቀል ነው» ይለዋል፤ እርሱም አንድ ቀን እንኳ ማንንም አላረመም።