የለይኩን ትልልቅ ፊደላት

መተማ ላይ ሬሳ አያድርም፤ ሙቀቱ አይፈቅድም። ለይኩን ግን ጧት ከሰሊጥ መጋዘኑ ቢሮ ሞቶ ከተገኘ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተጋድሟል። አጠገቡ የተባይ መድኃኒት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በሠራተኛ መመዝገቢያው ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል «እናቴ ይቅር በይኝ፤ ኑሮ ሰለቸኝ» የሚል ቃል ተገኝቷልና፣ ካህናቱ በራሱ እጅ ለሞተ ፍትሐት የለም ብለዋል።

«ልጄ ያለ ፍትሐት አፈር አይግባብኝ!» ብለው እናቱ ዝናሽ ኢንስፔክተር አየሁሽ እግር ላይ ወደቁ። አየሁሽ ደግፋ አነሣቻቸውና ወደ መጋዘኑ አመራች።

የቢሮው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ባለመጋዘኑ ሐጂ ሙሐመድጣሂር፣ መዝጋቢዋ ሳጂዳና የቀን ሠራተኞች ካቦ ፈረደ። ፈረደ የዝናሽ ወንድም፣ የሟች አጎት ነው።

«የሠራተኛ መመዝገቢያውን ፕሮግራም የሠራው ለይኩን ነው» አለች ሳጂዳ። «ማሽኑ አንዱን ስም እዚህ በትልቅ፣ እዚያ በትንሽ ፊደል ካገኘው ሁለት ሰው አርጎ ይቆጥር ነበር። ትናንት አስተካከለው። እንዴትም ይጻፉት፣ ሲመዘግቡት ገጹ ይዘጋል፤ መልሰው ሲከፍቱት ሁሉም በትልቅ ፊደል ይወጣል።»

የፈረደ ዐይን በለቅሶ ቀልቷል። ከተጠየቀው በላይ መለሰ። «ጧት ሐጂ ሲከፍቱት ከኋላቸው ቆሜ አንብቤዋለሁ። የራሱ አጻጻፍ ነው፤ መጀመሪያዋን ትልቅ፣ የቀረውን ትንንሽ አርጎ። እኛማ የት እናውቅበት!»

አየሁሽ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የዝናሽን ስም በትንንሽ ፊደል ጽፋ መዘገበች፤ ገጹ ተዘጋ። መልሳ ስትከፍተው ፊደሉ ሁሉ ትልቅ ነው።

«ሐጂ፣ የስንብቱን ቃል ሲከፍቱት እንዴት ነበር?»

«እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ትልቅ።»

«እንግዲያው ትንንሾቹን ፊደላት ያየው፣ ከመመዝገቡ በፊት የጻፈው ሰው ብቻ ነው። አቶ ፈረደ፣ ጧት አላነበቡትም። የሚያውቁትን ማን ያነባል?»

ፈረደ ቁጭ አለ። «የሠራተኛውን ስም ሁለት ሁለቴ እያስመዘገብሁ ትርፉን ደመወዝ እበላ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለይኩን ስሞቹን አስተካክያለሁ፣ ለሐጂ ራስህ ንገራቸው አለኝ። እንዴት እንዳስተካከለው መች ጠየቅሁት! መድኃኒቱን የጨመርሁበትን ሻይ የቀዳሁለት እኔ ነኝ።»

ዝናሽ እንባቸው ደርቋል። «ልጄ በራሱ እጅ አልሞተም?»

«አልሞተም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ቄሱን ጥሩልኝ።» ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ሬሳውን የሚሸከምልኝ አንተ ነበርህ እኮ፣ ፈረደ። ሌላ ወንድ ዘመድ የት አለኝ?»

ፈረደ ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ። ሐጂ ሙሐመድጣሂር ጥምጥማቸውን አስተካከሉና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ሊይዙ ቀድመው ወጡ።