ዐቃቤ ሕጓና ጨዋታ ሠሪው

ጨዋታ ሠሪው ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የመጣው ሊከስስም ሊከሰስም አልነበረም፤ ሊጠይቅ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራ ነበር። ተጫዋቹ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ ይፈትሻል፣ ምስክሮችን ያነጋግራል፣ የዋሸውን ለይቶ ክስ ይመሠርታል። ችግሩ፣ ሠሪው ራሱ ዐቃቤ ሕግ በአካል አይቶ አያውቅም። የቢሮው አለቃ ከላዩ ላይ ሊያራግፈው ፈልጎ ከሁሉም ወደምታንሰው ወጣት ዐቃቤ ሕግ መራው።

ሥራውን ስታይ ሳቋ አመለጣት። የጨዋታው ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ እየደበደበ ይጮኻል።

«እኛ እንዲህ ብንጮኽ ዳኛው መጀመሪያ የሚያስሩት እኛን ነው» አለችው።

እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን ለመስበር ዘገየች።

ውሎ አድሮ ከሥራ ስትወጣ እሱ ጋ ጎራ ማለት ለመደች። የሚሠራው ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ የስፌት መኪኖቹ ሲነሡ ወለሉ ይርገበገባል። ምስክር እንዴት እንደሚናገር ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። የሚዋሽ ሰው ሁልጊዜ እንደማይርበተበት፣ እንዲያውም ሳይጠየቅ ብዙ እንደሚያወራ ያስተማረችው እሷ ናት። አንዳንዴ ሁለቱም ዝም ብለው ስክሪኑን ያያሉ። ትከሻቸው ሲነካካ ማንም አይሸሽም።

ክፍሉን የሚጋራው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ፣ በአሮጌ አረንጓዴ መኪና ዕቃ እያመላለሰ ያሳደገው እሱ ነው። ድምፁ ከደረጃው ይቀድመዋል፤ ገና ሳይደርስ «ምራቴ መጥታለች?» ይላል። እሷ ታፍራለች፤ መጠሪያውን ግን ወደደችው። ለቤተሰቦቿ መቼ እንደሚነግሯቸው እንኳ ተማክረው ነበር።

አንድ ዝናባማ ሳምንት አንዲት መምህርት መንገድ ስትሻገር በመኪና ተገጭታ ሞተች። ሾፌሩ አልቆመም። ጉዳዩ ለወጣቷ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። ፖሊስ ያገኘው የፊት መብራት ስብርባሪና በሟቿ ዣንጥላ ላይ የቀረ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። የሟቿ እናት ጠዋት ጠዋት ቢሮው በር ላይ ይቆማሉ። ምንም አይጠይቋትም፤ ያዩዋታል ብቻ።

በዚያው ሳምንት ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት የወንድምየው አረንጓዴ መኪና ነጭ ተቀብቶ አገኘችው። አጠገቡ የቆመውን ወንድምየውን ገና ሰላም ሳትለው፣ ቀለሙ ተላልጦ ስለነበር ነው አላት፤ ቀጠለና ቀቢው ወዳጁ እንደሆነ፣ ነጭ ፀሐይ እንደሚችል አወራላት።

ደረጃውን እንደምንም ወጥታ ጨዋታ ሠሪውን ጠየቀችው።

«ታውቅ ነበር?»

ስክሪኑን አጠፋ።

«እሱ እኮ ወንድሜ ብቻ አይደለም» አለ። «አባቴም እናቴም ነው። ብትተዪው ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ።»

እጇን ያዘ። አልነጠቀችውም። ሲለቃት ግን ዳግም እንደማይይዛት ሁለቱም ገብቷቸው ነበር።

በማግስቱ ያየችውን ለአለቃዋ ነግራ ጉዳዩን ለሌላ አስረከበች። ፍርድ ቤት የቆመችው ምስክር ሆና ነው። ወንድምየው አልካደም። ምስክርነቷን ጨርሳ ስትወርድ «አይዞሽ» የሚል በሚመስል ሁኔታ አንገቱን ነቀነቀላት፤ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ብዙ ዓመት ተፈረደበት። ጨዋታ ሠሪው ጨዋታውን ሳይጨርስ ትቶ የወንድሙን ሥራ ያዘ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተገጣጠሙ። ለወንድሙ ያጠበውን ልብስ በፌስታል ይዟል። ከስቷል። ወንድሙ ሰላም እንደሚላት፣ ደግ አደረገች እንደሚል ነገራት።

«እኔም ልጠላሽ ሞክሬ አቃተኝ» አለ።

«ታዲያ?»

«ካንቺ ጋር ማዕድ ብቀርብ፣ እሱ እዚያ ምን በልቶ ይሆን እያልኩ ነው። አንቺም እኔን ባየሽ ቁጥር የምታዪው እኚያን እናት ነው።»

እንዲህ አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች።

አውቶቡሱ መጣ። መንገዳቸው አንድ ነበር። እሱ ተሳፍሮ በመስኮቱ በኩል ቦታ ያዘ፤ እሷ ቆማ ቀረች። ሾፌሩ «አትወጪም?» ሲላት፣ ሌላ እንደምትጠብቅ ነገረችው።